«ምርመራ» የምትባለው ዓምድ

የወረዳ ሪፖርት ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ያቺን ዓምድ ያውቃታል። ተራ ቁጥር፣ የአርሶ አደሩ ስም፣ የማሳ ስፋት፣ የሰብል ዓይነት፣ የአዘራር ዘዴ፣ እቅድ፣ ክንውን፣ በመቶ፤ ከዚያ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ጠበብ ብላ «ምርመራ» የምትል። ሁላችንም ሰረዝ እናደርግባታለን። የታከተው ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር ያወርድባታል። በአራት ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኝነቴ ያቺን ዓምድ በፊደል ሞልቻት አላውቅም። አንድ ቀን ግን የሚጻፍ ነገር ነበረኝ። አልጻፍኩትም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቀይሬያለሁ፣ ከተማ ገብቻለሁ፣ ልጅ ወልጃለሁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ግን ያቺ ባዶ ቦታ ትመጣብኛለች።

ሃይላንድና ሚስማር

ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ወረዳው ይቅር፣ አንድ ቀበሌ ላይ የሰብል ባለሙያ ነበርኩ። ሦስት ነበርን፦ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት። ከግብርና ኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛ ዓመቴ መሆኑ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አባቴን ለሚያህሉ ሰዎች እርሻ አስተምር ነበር።

ያን ዓመት የሁሉም ነገር መጀመሪያና መጨረሻ «ጤፍ በመስመር» ነበር። ስብሰባው እሱ፣ ሬዲዮው እሱ፣ የአንድ ለአምስቱ ውይይት እሱ። ምክንያቱ ሲነገር ደስ ይላል። በብተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር ሠላሳና ከዚያ በላይ ኪሎ ዘር ይረጫል፤ ቡቃያው እርስ በርሱ ይተናነቃል፤ አገዳው ይቀጥናል፤ ፍሬ ሲይዝ ይጋሽባል። በመስመር ከተዘራ አምስት ኪሎ ይበቃል፤ እያንዳንዷ ቡቃያ ቦታ ታገኛለች፤ ለማረምም ይመቻል። እኔም አምኜበት ነበር። ግማሽ ልቤ ዛሬም ያምንበታል።

ችግሩ የጤፍ መጠን ነው። አንድ ግራም ጤፍ ሁለት ሦስት ሺህ ፍሬ ነው። ይህን በጣት እየቆነጠሩ መስመር ላይ ማፍሰስ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። መላ ተባለና ሃይላንድ መጣ፦ የውሃ ፕላስቲኩን ክዳን በጋለ ሚስማር መብሳት፣ ዘሩን ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መሙላት፣ ከዚያ መስመሩን እየተከተሉ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ። ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ ደረቅ አፈር ላይ ሳሳይ አምሮልኝ ነበር። አንዳንዶቹ አጨበጨቡልኝ።

የሐምሌ ዋልካ ግን ሌላ ነገር ነው። እግርህን ስትነቅል ጫማህ እዚያው ይቀራል። መዳፍህ ርሷል፣ ክዳኑ ርሷል፣ ጭቃ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ደግሞ አምስቴ ታርሶ፣ በከብት ተረግጦ፣ ልክ ዝናቡ ሲመቸው በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ ነው። ያ ቀን ካለፈ አለፈ። በብተና አንድ የለመደ ሰው ጠዋት ገብቶ ሳይረፍድበት ይጨርሳል።

በኋላ፣ ሥራውን ከተውኩ በኋላ፣ አንድ ማታ ተቀምጬ አሰላሁት። መስመር ከመስመር 20 ሳንቲ ሜትር ነው ብለናል። መቶ ሜትር በመቶ ሜትር በሆነ አንድ ሄክታር ላይ 500 መስመር ይወጣል፤ እያንዳንዱ 100 ሜትር፤ ድምሩ 50 ኪሎ ሜትር። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ድረስ ጎንበስ ብሎ ሃይላንድ እየነቀነቁ መሄድ ማለት ነው፤ ያውም በጭቃ። ይህን ስሌት ስሠለጥንም ሳሠለጥንም ማንም አላሠራኝም። እኔም ለሂሳብ እንግዳ አልነበርኩም፤ አላሰብኩትም እንጂ።

ከፊት ያለው ያንተ

አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞቷል፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ አብረዋቸው ይኖራሉ። በሬ የላቸውም፤ ወንድማቸው ያርስላቸዋል። ሁለት ጥማድ፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ የሆነው የጤፍ ማሳቸው ከመኪና መንገዱ ዳር ነው። የእርሳቸው መከራ ከዚህ ጀመረ፤ ጎብኚ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ማሳ በመስመር ሳይዘራ ቢገኝ የሚጠየቀው ባለሙያው ነው። ስለዚህ ሐምሌን ሙሉ ደጃቸውን ረገጥኩ። በመጨረሻ «እሺ» አሉ። ክንውን ብዬ መዘገብኩ፦ 0.5 ሄክታር፣ በመስመር፣ 100 በመቶ።

ነሐሴ ላይ ሳልፍ አየሁት። ከመንገዱ በኩል አሥራ ሁለት መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር። ከዚያ ወዲያ በብተና። አይቼ አለፍኩ። ሪፖርቱ ሄዷል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የመስክ ቀን ሆነ። ሁለት ፒክአፕ፣ አንድ ሚኒባስ፣ ባነር። እንግዶቹ መንገዱ ዳር ቆሙ፤ መስመሮቹ ከፊታቸው ናቸው፤ እኔ የቁጥር ገለጻዬን አቀረብኩ፤ አንዱ ኃላፊ አንድ ዘለላ ይዞ ፎቶ ተነሣ። ዘለላው እውነትም ረጅም ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው መስመር አልፎ የገባ ሰው አልነበረም፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። መኪኖቹ አቧራቸውን አስነሥተው ሲሄዱ እኔና እርሳቸው ብቻ ቀረን። ነጠላቸውን አገልድመው ከማሳው ጥግ ቆመዋል።

«እማማ፣ ይኼ ከኋላ ያለው…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱ የኔ ነው» አሉኝ።

«ከፊት ያለውስ?»

«እሱማ ያንተ ነው። ከአለቆችህ እንዳትጣላ ብዬ።»

ሳቅኩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለው ይኸው ነው አልኩ በሆዴ፤ ብልጠት መሰለኝ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ትንሽ ዝም አሉና መኪኖቹ ወደሄዱበት እያዩ ጠየቁኝ።

«ይኼን የፈጠረው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው? ከነዚህ ውስጥ ነበረ እንዴ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«በመስመር ይዘራ ያለው ነዋ።»

«እሱ ምርምር ነው ያለው እማማ። እዚህ አይመጣም።»

«እንግዲያው ጠይቅልኝ» አሉ። «ሲሞክረው ስንት ሰው ነበረው?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው ግን የራሳቸውን ቆጥረው ይዘውታል። ለአሥራ ሁለቱ መስመር ልጃቸውንና ሁለት የወንፈል ሰዎች ጨምረው አራት ሆነው ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ወንፈል ብድር ነው፤ ለመጣው ሰው መሄድ አለባቸው፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ የበቆሎ አረም አለ። ማሳውን በሙሉ በመስመር ቢያደርጉት በቆሎው በአረም ሊዋጥ ነው። ሰውዬው ይህን ሲሞክር በቆሎ ነበረው ወይ? ወንፈል ይመልስ ነበር ወይ? ጥያቄያቸው ሙግት አልነበረም። ሰው ከሰው ሙያ ሲማር እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁኝ።

«እጠይቃለሁ» አልኳቸው። ማታ ቤቴ ገብቼ የመስክ ቀኑን ሪፖርት ሞላሁ። ምርመራ ላይ ሰረዝ አደረግኩ።

ቁጥር ይደመራል

ብጽፈውስ ወዴት ይሄድ ነበር? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከእኔ ወደ ሱፐርቫይዘሩ፣ ከሱፐርቫይዘሩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ሚኒስቴር። በየደረጃው የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ መደመር። የእኔ 0.5 ሄክታር ከሌሎች ጋር ተደምሮ የቀበሌ፣ የቀበሌው የወረዳ ይሆናል። ቁጥር ይደመራል፤ ጥያቄ አይደመርም። «ስንት ሰው ነበረው?» የሚለውን ከሌላ ቀበሌ ከመጣ ጥያቄ ጋር ደምሮ በመቶኛ የሚያወጣ የስታትስቲክስ ባለሙያ የለም። ስለዚህ ወረዳ ላይ ያቺ ዓምድ ትቆረጣለች። ወደ ዞን የሚሄደው ሰንጠረዥ ላይ ጭራሽ የለችም።

ደግሞም ሚኒስቴር ቢደርስ ሰውዬው እዚያ የለም። ምርምሩ ሌላ ቤት ነው። እንዲህ ሆኖ አልተጀመረም። የአለማያ ኮሌጅ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲቋቋም ማስተማሩ፣ ምርምሩና ኤክስቴንሽኑ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ፤ ተማሪውን የሚያስተምረው፣ ዘሩን የሚሞክረውና ገበሬውን የሚያገኘው ያው ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ፤ በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ስንት ጊዜ ተለዋወጠ፣ ግድግዳው ግን ቆሟል። ግድግዳውን ለማለፍ ስንት የትስስር ኮሚቴና ምክር ቤት እንደተቋቋመ እዚያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። ፕሮጀክት ሲኖር አበል አለ፣ አበል ሲኖር ስብሰባ አለ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ቃለ ጉባኤው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

አንድ ጊዜ ሌላ ዓይነት ተሞክሮ ነበር። አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ በስዊድን ገንዘብ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሙከራውን፣ ምክሩን፣ ብድሩን ሁሉ በአንድ እጅ ይዞት ነበር። የራሱ ጣጣ ነበረበት፤ ትራክተር ሲገባ ጭሰኛው ከመሬቱ እንደተነቀለ የሚረሳ አይደለም። ግን ለመላ አገሪቱ ይዳረስ ሲባል ውድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1971 «ሚኒመም ፓኬጅ» መጣ። ከስሙ ጀምሮ ገላጭ ነው፤ ትንሹ ጥቅል። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ጥቅሉ ውስጥ ገቡ። ከገበሬው ጋር ተቀምጦ መሞከር ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነውና ከጥቅሉ ውጭ ቀረ። ዛሬ ጎጃም ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ፓኬጅ ወሰድኩ» ሲሉ ያ ትንሹ ጥቅል ነው በአፋቸው ያለው።

ማኛ ስትጠየቅ

መቼም ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ካልኩ ዋሸሁ። ጥያቄ ግድግዳውን አልፎ ሲሄድ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ነገር አለ፤ ጓዳችን ውስጥ ነው ያለው።

ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ያወጣው ዲዜድ-01-974፣ በሌላ ስሙ ዱከም፣ ምርት የሚሰጥ ጤፍ ነበር። ገበሬው ግን አልወደደውም። ምክንያቱን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የፍሬው ቀለም እንደ ማኛ አይነጣም፣ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። በምርት በሄክታር ብቻ ቢለካ ገበሬው ተሳስቷል ማለት ነው። አራቢዎቹ ግን «አርሶ አደሩ አልገባውም» ብለው አልተዉትም፤ ነጭ ጤፍ ይሁንልን የሚለውን እንደ ትእዛዝ ወሰዱት። ዱከምን ከማኛ፣ ማለትም ከዲዜድ-01-196፣ ጋር አዳቀሉት። ቁንጮ የተባለው ዝርያ በ1998 ዓ.ም. ወጣ፤ ምርቱን ከአንዱ፣ ንጣቱን ከሌላው ወስዶ። ማንም ሳይጎተጉተው ከገበሬ ገበሬ በጣሳ እየተሰፈረ የሄደ ዘር ቢኖር እሱ ነው።

ማዳቀል ስል ቀላል እንዳይመስል። ጤፍ ሊዳቀል አይችልም ይባል የነበረ ሰብል ነው። አበባዋ በማለዳ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደምትከፈት ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 እስኪደርሱበት ድረስ መንገዱ አይታወቅም ነበር። እኔ ለዲግሪ ስማር በአንድ ማዕከል ሲሠራ አይቻለሁ። አንዲት ቴክኒሺያን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ፣ በቀጭን ቆንጣጭ ከዓይን የማትሞላ አበባ ውስጥ ሦስቱን ወንዴዎች ትነቅላለች፤ ትንፋሿን ይዛ። አንዷ ወንዴ ብትቀር ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ቤት የአንዲት እናትን ጥያቄ ለመስማት ትዕግሥት ያጣል ብዬ አላምንም። አልደረሰውም እንጂ።

እዚያው ማዕከል አንድ ተመራማሪ አግኝቼ የእማማን ጥያቄ ጠየቅኩት። ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ ቢዘገይም አደራ አደራ ነው። «ጤፍ በመስመር ስትሞክሩ ለአንዱ መደብ ስንት ሰው ነበራችሁ?» አልኩት። የመስክ መዝገቡን ገለጠ። ቁመት አለ፣ የዘለላ ርዝመት አለ፣ ምርት በሄክታር አለ። ገለጠ፣ ገለጠና ዘጋው። «የቀን ሠራተኛው እኮ ፋይናንስ ነው ያለው» አለኝ። «በፔይሮል።»

መልሱ ነበረ ማለት ነው። ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሠራ፣ እያንዳንዱ በጣት አሻራው ፈርሞ፣ በካርቦን ሁለት ኮፒ ተቀምጧል። ገንዘቡ መከፈሉን ለማረጋገጥ እንጂ ለአንዲት ባለ ሁለት ጥማድ እናት ይጠቅማል ብሎ ያሰበ የለም። ቆይቶ በገበሬ ማሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የምርቱ ጭማሪ በምርምር ጣቢያ ከታየው ያነሰ፣ የሚፈጀው ጉልበት ደግሞ ብዙ መሆኑን ጻፉ። እማማ በጥቅምት 2006 መንገድ ዳር ቆመው የነገሩኝ ነው።

ቤንዚን

ተመራማሪውን አልወቅስም። ገበሬ ጋ ሄዶ መሞከር እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ መኪና ተራ ነው፣ ቤንዚን ደግሞ በጀት ዓመቱ ሲጋመስ ያልቃል። የመንግሥት በጀት ደመወዙንና አጥሩን ይሸፍናል። ወደ ማሳ የሚያደርሰው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ የራሱን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። ስንዴና በቆሎ ከሆነ ሜክሲኮ ያለው ሲሚት አለላቸው፣ ዓለም የሚበላቸው ናቸውና ሰጪ አይጠፋም። ጤፍ ግን እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ማዕከል የላትም። እኛ ካልከፈልንላት ማን ይከፍልላታል?

አገሩ ለግብርና ገንዘብ አያወጣም የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ማፑቶ ላይ ከበጀታችን 10 በመቶ ለግብርና ብለው ሲማማሉ፣ ቃላቸውን ከጠበቁት ጥቂቶች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ ማስቀመጥ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ለዚያ ሲባል 25 የግብርና ኮሌጆች ተከፍተዋል፣ እኔም የዚያ ፍሬ ነኝ። ለምርምር የሚውለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከግብርናው ምርት ዋጋ ቢያንስ 1 በመቶ ለምርምር ይዋል በሚለው መለኪያ ስንታይ ከግማሽም በታች ሆነን ነው የኖርነው። የሚናገር አፍ በብዛት ገዛን፤ ለጆሮ የተረፈው ጥቂት ነው።

እኔን በቀን በቀን ያየኝ ሰው ደግሞ አፍነቴንም ይጠራጠራል። ማዳበሪያ አከፋፍላለሁ፣ የብድር ዕዳ አስታውሳለሁ፣ ለተፋሰስ ሥራ ሰው እቀሰቅሳለሁ፣ ግብር ሳይቀር «አግዝ» እባላለሁ። ጠዋት ዕዳ ክፈሉ ያልኳቸው ሰዎች ከሰዓት ስለ ዘር ምን ያወሩኛል? በኋላ 8028 የሚባለው የስልክ መስመር ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ስልኩ ዕዳ አይጠይቅም። ደውዬም ሞክሬዋለሁ። ስለ ጤፍ የተቀዳ ጥሩ ምክር ሰማሁ፤ በጥርት ያለ ድምፅ።

ቤንዚን ቢኖር፣ ግድግዳው ባይኖር፣ ዓምዷ ሰፊ ብትሆን እጽፈው ነበር ወይ? ራሴን ስጠይቅ መልሱ አይጥመኝም። አልጽፈውም ነበር። የእማማን ጥያቄ ብጽፍ ከፊቱ ያለውን ቁጥር ማረም ነበረብኝ፤ 0.5 የነበረው ጥቂት መስመር ሊሆን ነው፣ 100 በመቶው ሊወርድ ነው። የተቀጠርኩትም የምመዘነውም በወረዳው ነው፣ ወረዳው የሚመዘነው በዞኑ ነው፣ ሁላችንም የምንመዘነው በዚያች በመቶ ነው። ጥያቄ የሚልክ ባለሙያ ክንውኑ ያነሰ ባለሙያ ነው። መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ይባላል፤ በእኛ ቤት ውጤት ያስቀንሳል። እኔ በዚያ ዓመት ውጤቴ ከፍተኛ ሆነ። ለዲግሪ ትምህርት የተመረጥኩት በዚያ ውጤት ነው። ማይክሮስኮፑን ያየሁት፣ ይህን ሁሉ የማውቀው፣ ያን ሰረዝ በማድረጌ ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ከራሴ ጋር እንደማስታርቀው እስካሁን አላወቅኩም።

ባለፈው ክረምት በልጃቸው ስልክ አገኘኋቸው። ያ ትንሹ ልጅ ጎረምሳ ሆኗል፣ ድምፁን አላወቅኩትም። እማማ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል። ጤፉንስ አልኳቸው። በብተና ነው አሉ፤ ዘሩን ግን ቀንሰዋል፣ ድሮ ከሚረጩት ግማሹን ያህል ብቻ። «ያቺ ምክርህ ደህና ናት» አሉኝ። ግማሹን ወስደው ግማሹን መተዋቸውን የሚያውቅ መዝገብ እንደሌለ እያሰብኩ ዝም አልኩ።

«ሰውዬው መጣ እንዴ?» አሉ በመሀል፤ ሳቃቸው ተሰማኝ። እንዳልረሱት አላሰብኩም ነበር።

«ገና ነው እማማ።»

«እንግዲህ ሲመጣ በሐምሌ ይሁን በለው» አሉኝ። «በጥቅምትማ ሁሉም ይመጣል።»